228 ሜትር፦ በምሥራቅ ጎጃም የአንድ መስኖ ቦይ የካሳ ዝርዝር እንዴት እንደተሳሳተ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የበጋ ወር፣ ከጮቄ ተራራ ከሚወርዱት ገባሮች በአንዱ ላይ ለሚሠራ አነስተኛ የወንዝ ጠለፋ፣ ዋናው ቦይ የሚያርፍባቸው ማሳዎች የባለይዞታዎች ስም ዝርዝር በአንድ የምሥራቅ ጎጃም ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ዝርዝሩን ያዘጋጀሁት እኔ ነበርኩ። በሦስተኛው ቀን አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት የይዞታ ደብተራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መጡና ስማቸው ለምን እንደተጻፈ ጠየቁ። ማሳቸው ቀይ ቀለም ከተቀባው የቦይ ችካል በላይ፣ ዳገቱ ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደን በታች ካለው ባህር ዛፍ አጠገብ መሆኑን ካስረዱ በኋላ፣ «ልጄ፣ ውኃው ሽቅብ ሊሄድ ነው እንዴ?» አሉ። በቦታው የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሩን ከፍቼ ካርታውን ከመሬቱ ጋር ሳስተያይ ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረም።

ይህ ጽሑፍ የዚያን ስህተት አመጣጥ፣ የእርማቱን ሂደትና ከእርማቱ የተወለደውን ሌላ ስህተት ይዘረዝራል። የመሥሪያ ቤቶቹንና የቀበሌውን ስም ሆን ብዬ ትቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ስህተት ከአንድ ቢሮ ወደ ሌላ ቢሮ ካርታ በፍላሽ በሚተላለፍበት በማንኛውም ወረዳ ሊደርስ የሚችል ነውና የእነርሱ ብቻ አድርጎ መጻፍ ተገቢ አይደለም።

ሁለት ካርታ፣ ሁለት መነሻ

ሥራው በመሠረቱ ቀላል ነበር። በአንድ በኩል የቦዩ መስመር አለ፤ በሌላ በኩል የቀበሌው የማሳ ካርታ አለ። ሁለቱን በኮምፒውተር ማደራረብ፣ መስመሩ የሚነካቸውን ማሳዎች መምረጥ፣ የተመረጡትን ባለይዞታዎች ስም ማተም ነው። የቦዩን መስመር የሠሩት የዲዛይን ባለሙያዎች ተዳፋቱን በሌቭል (የከፍታ ልዩነት መለኪያ መሣሪያ) ለክተው፣ ችካላቸውን ተክለው፣ የእያንዳንዱን ችካል ቦታ በጂፒኤስ መዝግበው ነበር። የማሳው ካርታ ደግሞ ከመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት የመጣ፣ በሁለተኛ ደረጃ ቅየሳና ምዝገባ ጊዜ ከአየር በተነሣ ኦርቶፎቶ ላይ ገበሬዎች ራሳቸው ከአዋሳኞቻቸው ጋር ቆመው ድንበራቸውን ካመለከቱ በኋላ የተሣለ ነው። ሁለቱም በየራሳቸው ጥሩ ሥራዎች ነበሩ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ በኋላ ላይ በተደረጉት ስብሰባዎች ሁሉ አንዱ ወገን የሌላውን ልኬት ሲኮንን ስለሰማሁ ነው፤ ልኬቱ አልተሳሳተም።

ጂፒኤስ ቦታን የሚያሰላው ደብሊው ጂ ኤስ 84 በሚባለው ዓለም አቀፍ የመነሻ ሥርዓት ነው። የማሳው ካርታ ግን የተሠራው በአዲንዳን ነበር። አዲንዳን የሚለውን ቃል በካርታ ሥራ ላይ ያለ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ይሰማዋል፣ ብዙዎቻችን ግን ምን እንደሆነ ጠይቀን አናውቅም። አዲንዳን በኑቢያ ምድር፣ በግብፅና በሱዳን ድንበር አካባቢ ያለ የልኬት ጣቢያ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ የኢትዮጵያና የአሜሪካ መንግሥታት የዓባይን ተፋሰስ ለማጥናት ሲተባበሩ፣ ለጥናቱ መሠረት የሚሆነው የመሬት ልኬት መረብ ከዚያ ጣቢያ ተያይዞ ወደ እኛ ደጋ ወጣ። የኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ድርጅት ያሳተማቸው ባለ 1፡50,000 ካርታዎችም በዚሁ ሥርዓት ተሠሩ። ጎጃምን ዞሮ የሚሄደው ዓባይ ካርቱም ላይ ከነጭ ዓባይ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ሰሜን የሚያልፍበት ቦታ፣ የጎጃም ማሳ የሚለካበት መነሻ መሆኑ እኔን ሁልጊዜ ይገርመኛል።

የሁለቱ ሥርዓቶች ልዩነት በስም ብቻ አይደለም። አዲንዳን ምድርን የሚወክልበት የክላርክ 1880 ቅርጽ በምድር ወገብ ላይ 6,378,249 ሜትር ራዲየስ ሲኖረው፣ የደብሊው ጂ ኤስ 84 ቅርጽ ደግሞ 6,378,137 ሜትር አለው። መሃላቸውም አይገናኝም፤ ለኢትዮጵያ በታወቀው የማዛወሪያ ቀመር መሠረት ከአዲንዳን ወደ ደብሊው ጂ ኤስ 84 ሲኬድ የመሃሉ ነጥብ በሦስቱ አቅጣጫዎች ‑165፣ ‑11 እና 206 ሜትር ይንቀሳቀሳል። ይህ ሁሉ ወደ ደብረ ማርቆስ አካባቢ ሲመጣ፣ አንድ ነጥብ በዩቲኤም (ቦታን በምሥራቅና በሰሜን ሜትር በሚገልጸው የካርታ ፍርግርግ) ዞን 37 ቁጥሮች ሲገለጽ የደብሊው ጂ ኤስ 84 ቁጥሩ ከአዲንዳን ቁጥሩ በምሥራቅ 95 ሜትር ያህል፣ በሰሜን 207 ሜትር ያህል ይበልጣል ማለት ነው። በሰያፍ ሲለካ 228 ሜትር ገደማ ይሆናል።

ይህ ቁጥር በገበሬ አነጋገር ምን ያህል እንደሆነ ማየት ይቻላል። አንድ ጥማድ በግምት ሩብ ሄክታር ነው፤ አራት ማዕዘን ቢሆን ጎኑ 50 ሜትር ነው። እንግዲህ 228 ሜትር ማለት አራት ማሳ ዘሎ አምስተኛው ላይ መቆም ነው። ችግሩ በዓይን የማይያዘውም ቁጥሮቹ ስለሚመሳሰሉ ነው። በደብረ ማርቆስ ዙሪያ የምሥራቅ ቁጥሩ 361,000፣ የሰሜን ቁጥሩ 1,142,000 አካባቢ ነው፤ በሁለቱም ሥርዓት። ከአንዱ 95፣ ከሌላው 207 ቢጎድል አኃዙ ያው ባለ ስድስትና ባለ ሰባት ሆኖ ይቀጥላል። ካርታው ናይሮቢ ላይ ወይም ባሕር ውስጥ ቢወድቅ ኖሮ በደቂቃ ይታወቅ ነበር። ትንሽ የሚባል ስህተት ትልቅ ከሚባለው የሚከፋበት ጊዜ አለ።

ፍላሹ ውስጥ የነበረው

መረጃው የተጠየቀው በደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ቁጥር፣ ቀን፣ ማኅተምና የኃላፊ ፊርማ ነበረው፤ ግልባጩም ለሦስት ክፍሎች ተመርቷል። የመልሱ ደብዳቤ «በጠየቃችሁት መሠረት የቀበሌውን የማሳ ካርታ በሶፍት ኮፒ አያይዘን የላክን መሆኑን እንገልጻለን» ይላል። በምን ዳተም (የመነሻ ሥርዓት)፣ በየትኛው ዓመት የተዘጋጀ፣ ከዚያ ወዲህ በውርስ ወይም በስጦታ የተዛወረው ማሳ ይጨመርበት አይጨመርበት፣ አንድም ቃል የለም። ደብዳቤው በሥርዓቱ ፋይል ተደርጎ እስከ ዛሬ መዝገብ ቤት አለ፤ የሚያስፈልገውን ነገር ግን አልያዘም።

ፍላሹ ውስጥ ሦስት ፋይሎች ነበሩ። ሼፕፋይል የሚባለው የካርታ ፋይል ዓይነት ስሙ አንድ ፋይል ይመስላል እንጂ የፋይሎች ቤተሰብ ነው። ኤስኤችፒ የሚለው ቅርጹን፣ ዲቢኤፍ የሚለው ሰንጠረዡን፣ ኤስኤችኤክስ የሚለው ማውጫውን ይይዛል፤ ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ካርታው በቀጥታ አይከፈትም። አራተኛው ፒአርጄ ነው። እርሱ ባይኖርም ካርታው ይከፈታል። መጠኑ ከአንድ አጭር የስልክ መልእክት የማይበልጥ ጽሑፍ ነው፣ የሚለውም «እነዚህ ቁጥሮች በዚህ ሥርዓት የተለኩ ናቸው» ብቻ ነው። ላኪው ባለሙያ ሦስቱ ግድ መሆናቸውን ያውቅ ስለነበር ሦስቱን መርጦ ቀዳ፤ አራተኛው እዚያው ኮምፒውተር ላይ ቀረ። በኋላ ስጠይቀው የሰጠኝ መልስ የሚያስወቅሰው አልነበረም፦ እርሱ ዘንድ ሁሉም ነገር በአዲንዳን ስለሆነ፣ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል ብሎ አስቦ አያውቅም።

ሰንጠረዡ ሌላ ጉድ ነበረው። የዲቢኤፍ የዓምድ ስም ከ10 ባይት አይበልጥም። ይህ ለእንግሊዝኛ አሥር ፊደል ማለት ነው፤ የግዕዝ ፊደል ግን በዩኒኮድ ዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ እያንዳንዱ 3 ባይት ስለሚወስድ ለእኛ የሚተርፈው ሦስት ፊደል ብቻ ነው። የመጀመሪያው ዓምድ «የባለይዞታ ስም»፣ ሁለተኛው «የባለቤት ስም» የሚል ነበር፤ ሁለቱም ሲቆረጡ «የባለ» ሆነው ቀሩና ለመለየት በሁለተኛው መጨረሻ ላይ ቁጥር ተደፋበት። እኔ ሁለቱን አንድ ዓይነት መረጃ ሁለት ጊዜ የተቀዳ መስሎኝ ሁለተኛውን ዓምድ ሰረዝሁት። በአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው ምዝገባ የባልና የሚስት የጋራ ይዞታ በሁለቱም ስምና ፎቶግራፍ እንዲመዘገብ የተደረገበትን ትልቅ ድካም እኔ በአንድ ጠቅታ ከዝርዝሩ አወጣሁት። የተለጠፈው ወረቀት የባል ስም ብቻ የያዘው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚያ ዋናው ጥፋቴ መጣ። ሶፍትዌሩ የማሳው ካርታ በምን ሥርዓት እንደሆነ አላወቀም፤ ጠየቀኝ። የቦዩ መስመር ኢፒኤስጂ 32637 በሚባል የካርታ ሥርዓቶች መለያ ኮድ በሚታወቀው በደብሊው ጂ ኤስ 84 ዩቲኤም ዞን 37 ነበርና፣ ለማሳውም ያንኑ መረጥሁለት። ሁለቱ ካርታዎች አንዱ በሌላው ላይ ቁጭ አሉ። በትክክል ቢሆን የማሳው ኮድ ኢፒኤስጂ 20137፣ የአዲንዳን ዩቲኤም ዞን 37 መሆን ነበረበት። የሳተላይት ምስል ከሥር አድርጌ ባየው ኖሮ የማሳዎቹ ድንበር ከመንገዱና ከወንዙ ጋር እንደማይገጥም ወዲያው ይታየኝ ነበር፤ በዚያ ሳምንት ኔትወርኩ ስለደከመ ምስሉን አጥፍቼው ነበር። የጎጃም ማሳ ደግሞ ትናንሽና ተያያዥ ነው፤ የትም ቦታ ላይ መስመር ብትጥል ማሳ ይነካል። ስለዚህ ውጤቱ ውጤት ይመስል ነበር።

ዝርዝሩ ሲለጠፍ

ስህተቱ እንዲሁ የትም የተበተነ አልነበረም፤ አቅጣጫ ነበረው። የአዲንዳን ቁጥር እንደ ደብሊው ጂ ኤስ 84 ሲነበብ እያንዳንዱ ማሳ ከእውነተኛ ቦታው ወደ ደቡብ ምዕራብ ይንሸራተታል። ቦዩ ወደ ደቡብ በሚያይ ተዳፋት ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሚሄድ፣ ከቦዩ በላይ በሰሜን በኩል ያሉት ማሳዎች ወደ ታች ወርደው መስመሩ ላይ ተኙ። በእርግጥ መስመሩ ላይ ያሉት ደግሞ ከቦዩ በታች ወረዱ። ውጤቱ በወረቀት ላይ ሲነበብ፣ ምንም የማይነካባቸው የዳገት ገበሬዎች መሬት ለቃቂ ተባሉ፤ መሬታቸው የሚቆፈርባቸው ደግሞ በውኃ ተጠቃሚዎች ዝርዝር ውስጥ ገቡ። የማይሰጥ ካሳ ለማይገባው ተስፋ ተሰጠ፣ የሚገባው ደግሞ ደስ ይበልህ ተባለ።

በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ለሕዝብ ጥቅም ሲባል የገጠር መሬቱን በቋሚነት የሚለቅ ባለይዞታ ከሚከፈለው መካከል የልማት ተነሺ ካሳ አንዱ ሲሆን፣ ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ካላገኘ መጠኑ መሬቱን ከመልቀቁ በፊት በነበሩት ሦስት ዓመታት ያገኘው ከፍተኛ ዓመታዊ ገቢ በ15 ተባዝቶ ይሰላል። ለቦይ የሚወሰደው መሬት ቀጭን ሰንበር ቢሆንም፣ ይህ ብዜት ከአንድ ጥማድ የጤፍ ማሳ ጋር ሲገናኝ ለአንድ ቤተሰብ ትንሽ ነገር አይደለም። ስለዚህ የእናቲቱ ጥያቄ ስሜን አውጡልኝ የሚል ሲሆን፣ ከዝርዝሩ የቀሩት ሰዎች ጥያቄ ግን በማግስቱ ሲመጣ የሚያስቅ አልነበረም።

ከዚህ ጋር ከከተማ የሚመጣ ባለሙያ የሚረሳው ነገር አለ። በጎጃም መሬት ሲለካ ሰው ዝም ብሎ አያይም። የ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ የጎጃም ገበሬ የተነሣው ግብሩን ብቻ ጠልቶ አልነበረም፤ ግመታው ርስቱን ወደ ቃላድ ልኬት የሚወስድ መንገድ ነው ብሎ ስላመነም ነበር፣ ያን ጊዜ መንግሥት ወደኋላ ማለቱንም ሽማግሌዎቹ አይረሱትም። የ1989 ዓ.ም. የመሬት ሽግሽግ ደግሞ ዛሬ በሕይወት ባሉ ሰዎች ትዝታ ውስጥ ነው፤ ስሙ ከግድግዳ ላይ ተነቦ መሬቱ የተቀነሰበት ሰው እዚያው ቀበሌ አለ። የተለጠፈ የስም ዝርዝር ለእኔ የኮምፒውተር ውጤት ነበር፤ ለእነርሱ ግን የቆየ ነገር ነበር። አንድ አባት ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች በጣታቸው እየተከተሉ ካስነበቡ በኋላ ምንም ሳይናገሩ ሲሄዱ ያየሁት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ስለ መጀመሪያው ደረጃ ምዝገባ አንድ ነገር ልበል። በገመድ ተለክቶ፣ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሌ፣ በሰሜን መንገድ፣ በደቡብ ወንዝ ተብሎ የተጻፈው የይዞታ ደብተር በቴክኖሎጂ ሰዎች ዘንድ እንደ ጥሬ ነገር ይታያል። የእናቲቱ ደብተር ግን በደቡብ በኩል የሚያዋስናቸውን ሰው ስም ይዟል፤ ያ ሰው ደግሞ በእኔ ዝርዝር ላይ ቦዩን ተሻግሮ ከታች የተቀመጠ ነው። ኮኦርዲኔት የሌለው ደብተር ኮኦርዲኔት ያለውን ካርታ አረመው፤ የአዋሳኝ ስም በየትኛውም ዳተም አይንሸራተትምና።

ከጥፋቱ የከፋ እርማት

ችግሩ ከታወቀ በኋላ የመጀመሪያው እርማት የተሠራው በጥድፊያ፣ በባልደረባዬ ኮምፒውተር ላይ ነው። ባልደረባዬ የማሳውን ሌየር (የካርታውን ንብርብር) ሙሉ በሙሉ መርጦ፣ በማውዝ ይዞ፣ የወንዙ መታጠፊያ ከወንዙ መታጠፊያ ጋር እስኪገጥም ጎተተው። በአንድ ቀበሌ ስፋት ውስጥ በሁለቱ ሥርዓቶች መካከል ያለው ልዩነት ከጫፍ ጫፍ አንድ ዓይነት ስለሆነ መጎተት በራሱ እንደሚመስለው እብደት አይደለም፤ በትክክል 95 እና 207 ሜትር ቢገፋው ኖሮ ጥሩ ይገጥም ነበር። ነገር ግን በዓይን ነው የገፋው፤ ያነጻጸረበት የወንዝ መስመርም ከባለ 1፡50,000 ካርታ ላይ የተቀዳ ነበር። በዚያ ካርታ ላይ አንድ ሚሊሜትር በመሬት 50 ሜትር ነው፤ የሣዩ እጅ በግማሽ ሚሊሜትር ቢያልፍ ግማሽ ማሳ ነው። ከሁሉም በላይ ምን ያህል እንደገፋው የትም አልጻፈም፣ በዋናው ፋይል ላይም አስቀመጠው። ፋይሉንም «የመጨረሻ የተስተካከለ» አለው።

እኔ ከመሬት አስተዳደሩ ፒአርጄውን ጨምሮ እንደገና አስመጣሁና በሥርዓቱ እንዲዛወር አደረግሁ። እዚህም ላይ ወጥመድ ነበር። አንድን ካርታ «ሥርዓትህ ይህ ነው» ብሎ መሰየምና «ከዚህ ሥርዓት ወደዚያኛው ተዛወር» ማለት በሶፍትዌሩ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ትእዛዞች ናቸው፤ የመጀመሪያው ስም ይሰጣል፣ ቁጥሩን አይነካም፣ ሁለተኛው ቁጥሩን ያሰላል። መጀመሪያ የተሳሳትሁት በመሰየም ነበር። አሁን ለማዛወር ስሞክር ደግሞ ሶፍትዌሩ የአዲንዳን ማዛወሪያ ቀመሮችን ደርድሮ አቀረበልኝ፤ ለኢትዮጵያና ለሱዳን አማካይ የሆነው፣ ለቡርኪና ፋሶ፣ ለካሜሩን፣ ለኢትዮጵያ፣ ለማሊ፣ ለሴኔጋል፣ ለሱዳን። አዲንዳን ከቀይ ባሕር እስከ አትላንቲክ ዳርቻ በብዙ አገሮች ስለተሠራበት ለየአገሩ የተሰላው ቁጥር ይለያያል። የአገር ስም ሳይሆን ቁጥር ብቻ ያለው ዝርዝር ስለነበር ሁለተኛውን ነካሁ፤ የቡርኪና ፋሶ ነበር። ካርታው ወደ ቦታው ቀረበ፣ ነገር ግን 30 ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ቀረ።

ይህ ስህተት የተያዘው በስክሪን ላይ ሳይሆን በእግር በመሄድ ነው። ከቀበሌው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ ሁለት ሰዎችን ይዤ በኦርቶፎቶው ላይም በመሬትም በግልጽ የሚታዩ ሦስት ቦታዎችን መረጥን፦ የቤተ ክርስቲያኑን የድንጋይ አጥር አንድ ማዕዘን፣ የትንሿን ድልድይ ጫፍና የትምህርት ቤቱን ቅጥር ግቢ ማዕዘን። በእያንዳንዱ ላይ የእጅ ጂፒኤሱን አስቀምጠን ቁጥሩ እስኪረጋ ጠበቅን። ከዚያ የመሣሪያውን ቅንብር ገልብጬ ያንኑ ነጥብ በአዲንዳን አስነበብሁት። ከኮሚቴው ሰዎች አንዱ ሁለቱን ቁጥሮች በደብተሩ ላይ ጎን ለጎን ጻፈና ቀነሰ፤ ሦስቱም ቦታ ላይ ልዩነቱ ተመሳሳይ ሆኖ ሲያገኘው፣ «ታዲያ ካርታው ነው እንጂ መሬቱ አልሄደም» አለ። እኔ በግማሽ ሰዓት ያላስረዳሁትን ነገር እርሱ በመቀነስ አገኘው። ለኢትዮጵያ የተሰጠውን ቀመር መርጬ እንደገና ካዛወርሁ በኋላ ሦስቱም ነጥቦች የእጅ ጂፒኤስ ራሱ በሚሳሳትበት በጥቂት ሜትሮች ውስጥ ገጠሙ። አዲሱ ዝርዝር የባልንም የሚስትንም ስም ይዞ ተለጠፈ፤ የእናቲቱ ስም ወጣ።

መረጃው ከዚያ በኋላ እንዴት ተላለፈ

ከዚህ በኋላ በሁለቱ ጽሕፈት ቤቶች መካከል ስለ መረጃ ልውውጥ የተደረገው ንግግር ቶሎ ወደ አንድ ጥያቄ ዞረ፦ ለመሆኑ ይህ ካርታ ለሌላ ቢሮ መሰጠት ነበረበት? አንዳንዶቹ የደረሱበት መደምደሚያ አለመስጠት ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ካርታው ባይሰጥ ኖሮ የዲዛይን ቢሮው የራሱን ቀያሽ ልኮ ሁለተኛ የማሳ ካርታ ያሠራ ነበር፤ ያን ጊዜ የአንድ ገበሬ ማሳ ሁለት ስፋት ይኖረዋል፣ ሁለቱም ማኅተም ያለው። ከዚያ የሚከተለውን ክርክር በወረዳ ፍርድ ቤት የተቀመጠ ሰው ያውቀዋል።

መስተካከል የነበረበት ሌላ ነገር ነው። ጽሕፈት ቤቶቻችን የድንበሩን ቅርጽ እንደ ምሥጢር ይጠብቃሉ፤ ከቅርጹ ጋር የተያያዘውን የሰው መረጃ ግን ሳያስተውሉ ያሳልፋሉ። በዚያ ፍላሽ ላይ የባለይዞታው ሙሉ ስም፣ የትዳር ሁኔታው፣ ማሳው በሞግዚት የሚተዳደር የወላጅ አልባ ልጆች መሆን አለመሆኑ ሁሉ ነበረ። ለማደራረቡ ሥራ የሚያስፈልገኝ የማሳው ቅርጽና ልዩ የማሳ መለያ ቁጥሩ ብቻ ነበር፤ የሚነኩት መለያ ቁጥሮች ሲታወቁ ስሙን ከመዝገቡ አውጥቶ የመለጠፍ ሥራ የመሬት አስተዳደሩ መሆን ይገባው ነበር። ዝርዝሩን ለማረጋገጥ ተብሎ ሰንጠረዡ በሙሉ በቴሌግራም ግሩፕ ላይ የተጫነበት ቀን ነበር፤ ግሩፑ ውስጥ ማን እንዳለ ማንም አልቆጠረም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ከዚህ በኋላ የመጣ ነው፤ ቢቀድም ኖሮ እንኳን በዚያ ቀን የሚያስታውሰው ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

በመጨረሻ የተደረሰበት ስምምነት ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ካርታ የሚላክበት ደብዳቤ የዳተሙን ስም ከነኢፒኤስጂ ኮዱ፣ መረጃው የተወሰደበትን ቀንና የማሳውን ብዛት በቁጥር ይገልጻል። ከካርታው ጋር የታወቀ የአንድ ቦታ ነጥብ፣ ማለትም የዚያ ቤተ ክርስቲያን አጥር ማዕዘን፣ በሁለቱም ሥርዓት ተጽፎ ይያያዛል፤ ተቀባዩ ከመጀመሩ በፊት ያን ነጥብ አውጥቶ ያያል። ፋይሉም በሼፕፋይል ፋንታ ሥርዓቱን በውስጡ ይዞ በሚሄደውና ሙሉውን የዓምድ ስም በግዕዝ በሚቀበለው በጂኦፓኬጅ፣ በአንድ ፋይል ሆኖ ይላካል። ስም አይላክም። ከእነዚህ ውስጥ እስከ ዛሬ በሙሉ የሚሠራበት የአጥሩ ማዕዘን ነጥብ ብቻ ነው፤ ምናልባት ማንም ሶፍትዌር ሳይከፍት ሊረዳው ስለሚችል ይሆናል። የጂኦፓኬጁ ነገር ሁለት ጊዜ ተሞክሮ አንዱ ቢሮ ያለው ሶፍትዌር አሮጌ በመሆኑ ወደ ሼፕፋይሉ ተመልሷል።

ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ ከሌላ መሥሪያ ቤት የመጣ አንድ ወጣት ባለሙያ በዚያው ቀበሌ ለሚሠራ የእርከን ሥራ ካርታ እንዳግዘው ፍላሽ አመጣልኝ። ማኅደሩን ስከፍት «የመጨረሻ የተስተካከለ 2» የሚል አገኘሁ። ባልደረባዬ በማውዝ የጎተተው ነው። ይህን ጊዜ ፒአርጄው አብሮ አለ፤ አንድ ቅን ሰው ጎደለ ብሎ ከዋናው ካርታ ቀድቶ ጨምሮለታል። ስለዚህ ፋይሉ ቁጥሮቹ ወደ ደብሊው ጂ ኤስ 84 ተጎትተው ሳሉ «አዲንዳን ነኝ» ይላል። ሶፍትዌሩም እንደታዘዘው እንደገና አዛወረው፣ ካርታውም ከእውነተኛ ቦታው 228 ሜትር ገደማ አልፎ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሄደ። የእናቲቱን ማሳ በመለያ ቁጥሩ ፈለግሁት፤ ዳገቱን ጨርሶ፣ የድንጋዩን አጥር ተሻግሮ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደን ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። ወጣቱን ይህን ፋይል ለስንት ሰው እንደሰጠ ስጠይቀው በጣቱ መቁጠር ጀመረ።